የጨዋታ እድሳት ታሪክ፦ ከገበጣ ጉድጓድ እስከ ስልክ መስተዋት

ቤት ሲያረጅ ይታደሳል፤ የብራና መጽሐፍ ሲያረጅ ይገለበጣል። ጨዋታም እንደዚሁ ነው። ባለፉት 30 ዓመታት በዓለም የኮምፒዩተር ንግድ ውስጥ ሰፊ ስፍራ ካገኙት ሥራዎች አንዱ የድሮ የቪዲዮ ጨዋታዎችን አድሶ ወይም እንደ ገና ሠርቶ ለአዲስ ትውልድ ማቅረብ ነው። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ የሩቅ አገር ነጋዴዎችና ወጣቶች ጉዳይ ይመስላል። ቀረብ ብሎ ለመረመረው ግን የእኛም ጉዳይ ነው፤ ገበጣ ከመሬትና ከእንጨት ተነሥቶ ወደ ስልክ መስተዋት መሸጋገር ከጀመረ ውሎ አድሯልና።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጨዋታ እድሳትን ታሪክ በአጭሩ ማቅረብና ከእርሱም ለአገራችን ጨዋታዎች የሚሆን ትምህርት ማውጣት ነው። ጉዳዩ በአማኑኤልና በአካባቢው በማስተማር ላይ የምንገኘውን የማኅበሩን አባላት እንዴት እንደሚመለከት በመጨረሻው ክፍል ይገለጻል። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ሁለቱ መንገዶች

በዚህ ሥራ የተሰማሩ ሰዎች ሁለት ዓይነት ተግባር ለይተው ያውቃሉ። አንደኛውን «ሪማስተር» ይሉታል፤ በአማርኛ «እድሳት» ብንለው ያስኬዳል። በእድሳት ጊዜ የጨዋታው ደንብና አካሄድ በቦታው ይቆያል፤ ሥዕሉ ይጠራል፣ ድምፁ ይስተካከላል፣ አዲሱ መሣሪያ እንዲቀበለው ይደረጋል። ሁለተኛው «ሪሜክ» ይባላል፤ «ዳግም ሥሪት» ልንለው እንችላለን። በዳግም ሥሪት ጊዜ ስሙና ታሪኩ ተይዞ ጨዋታው ከመሠረቱ ይገነባል። የፊተኛው፣ የደብር ሥዕል ተጠርጎና ተጠግኖ በነበረበት ግድግዳ ላይ እንደሚቆየው ነው፤ የኋለኛው፣ አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ በዚያው ታቦት ስም አዲስ ሕንፃ እንደሚሠራው ነው።

ለሁለቱም ምሳሌ አለ። የጃፓኑ ኒንቴንዶ ኩባንያ በ1993 ቀደምት የሱፐር ማሪዮ ጨዋታዎችን በአንድ ላይ ሰብስቦ፣ ሥዕላቸውንና ድምፃቸውን አሻሽሎ፣ ጊዜው ላመጣው መሣሪያ አወጣቸው። የዘለለው ይዘላል፣ የወደቀው ይወድቃል፤ አካሄዱ የድሮው ነው። በ1997 የወጣው «ፋይናል ፋንታሲ ሰባት» የተባለው ጨዋታ ግን በ2020 እንደ ገና ሲሠራ የመጀመሪያው ጨዋታ መክፈቻ ክፍል ብቻውን ሰፍቶና ተዘርዝሮ ራሱን የቻለ ሙሉ ጨዋታ ሆነ። ትእዛዝ እየተመረጠ ይካሄድ የነበረው ውጊያም በአብዛኛው በቅጽበታዊ እንቅስቃሴ ተተካ።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ምናልባት የእባቡ ጨዋታ ነው። ይህ ጨዋታ በ1976 «ብሎኬድ» በሚል ስም በአሜሪካ ከወጣው በሳንቲም የሚሠራ መጫወቻ የመነጨ ሲሆን፣ የፊንላንዱ ኖኪያ ኩባንያ በ1997 በስልክ ላይ አኖረው። የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት በ1999 በአዲስ አበባ ከተጀመረ በኋላ ስልኩ ወደ ክፍላተ ሀገር እየተስፋፋ ሲሄድ እባቡም አብሮት ተጓዘ፤ ብዙ ሰው በመስተዋት ላይ የተጫወተው የመጀመሪያ ጨዋታም እርሱ ነበር። በ2017 የኖኪያ 3310 ስልክ ታድሶ ለገበያ ሲቀርብ እባቡ ቀለም ለብሶ ተመለሰ። መልኩ ይለወጥ እንጂ ደንቡ ያው ነው፦ እባቡ ይበላል፣ ይረዝማል፣ የገዛ አካሉን የነካ ጊዜ ይሞታል።

የገበጣ ሺህ ዓመት

ይሁን እንጂ ጨዋታን ማደስ በኮምፒዩተር የተጀመረ ሥራ አይደለም። በኤርትራ በመጠራ፣ በትግራይም በይሓ በድንጋይ ላይ የተፈለፈሉ የገበጣ ጉድጓዶች ተገኝተዋል፤ አርኪዮሎጂስቶችም ከ6ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ የተሠሩ መሆናቸውን ይገምታሉ። ይህን ያህል ዕድሜ ያለው ጨዋታ ከዛሬ የደረሰው ያው ድንጋይ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖሮ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። እረኛው ከብቱን አሠማርቶ መሬት ይቆፍራል፤ ጠጠር ወይም የዛፍ ፍሬ ይለቅማል፤ ከባልንጀራው ጋር ይጫወታል። ማታ ትቶት ይሄዳል፤ የክረምት ዝናብ ጉድጓዱን ይደፍነዋል። በበጋ ሌላው እረኛ እንደ ገና ይቆፍረዋል። አቅም ያለው በእንጨት ያስጠርበዋል። እንግዲህ ገበጣ ሲታደስ የኖረው በየቀኑ ነው፤ ሰሌዳው ጠፊ ሲሆን ቋሚው ነገር በተጫዋቾች አእምሮ ያለው ደንብ ነበር።

ደንቡም አንድ ብቻ አልነበረም። በሁለት ረድፍ የሚጫወቱ አሉ፤ በሦስት ረድፍ የሚጫወቱም አሉ፤ ባለ ሦስት ረድፉ ገበጣ በተለይ የአፍሪካ ቀንድ መለያ ሆኖ በጨዋታ ታሪክ ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው። የጉድጓዱ ቁጥር፣ በየጉድጓዱ የሚገባው ጠጠር፣ የሚታደልበት አቅጣጫ፣ የሚማረክበት ሁኔታ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ለምሳሌ ያህል በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ ኖሮ በእያንዳንዱ አራት ጠጠር ቢገባ ጠቅላላው 48 ጠጠር ነው። ተጫዋቹ የአንዱን ጉድጓድ ጠጠር አንሥቶ አንድ አንድ እያለ ያድላል። የመጨረሻው ጠጠር ባዶ ያልሆነ ጉድጓድ ላይ ሲደርስ በአንዱ ደንብ ተራው ያበቃል፤ በሌላው ደንብ ግን የዚያን ጉድጓድ ጠጠር በሙሉ አንሥቶ እደላውን ይቀጥላል። ልዩነቱ የአንድ ዐረፍተ ነገር ቢሆንም የፊተኛው አጭር ስሌት የሚጠይቅ ሲሆን የኋለኛው ሰሌዳውን ሙሉ በሙሉ የሚገለብጥ ረጅም ዘመቻ ይሆናል። ሰሌዳውና ጠጠሩ አንድ ሆኖ ሳለ ጨዋታው ሁለት ነው።

ይህን ብዛት በጽሑፍ ለማኖር ከደከሙት ሊቃውንት ዋነኛው ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክኸርስት ናቸው። በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩት እኚህ ሊቅ በ1971 በ«ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» መጽሔት ላይ ባወጡት ሰፊ ጥናት ገበጣንና ዘመዶቹን ከየክፍለ ሀገሩ ሰብስበው ደንባቸውን መዝግበዋል። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል።

ሰንጠረዥና የቀረው ወረራ

ደንብ በአእምሮ ብቻ ሲቀመጥ ምን ዓይነት አደጋ እንደሚያገኘው የሚያስረዳን ሰንጠረዥ ነው። የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ከአውሮፓው ቼዝ ጋር አንድ ምንጭ ያለው፣ ነገር ግን የራሱን ጠባይ ይዞ የኖረ የመኳንንት ጨዋታ ነበር። ፈርዝ የሚባለው በንጉሡ አጠገብ የሚቆመው ባለሟል እንደ ዛሬዋ የቼዝ ንግሥት ሰሌዳውን ሁሉ የሚያካልል ሳይሆን በማዕዘን አንድ እርምጃ ብቻ የሚሄድ ነው። ሰሌዳውም ጥቁርና ነጭ የተፈራረቀበት ሳይሆን በአብዛኛው በቀይ ጨርቅ ላይ መሥመር የተሰመረበት ነበር።

ከሁሉ የሚደንቀው አጀማመሩ ነው። ተጫዋቾቹ ተራ አይጠባበቁም። የመጀመሪያው ሠራዊት እስኪማረክ ድረስ ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ እያንዳንዱ በፈለገው ፍጥነት፣ ጦሩን ያሰልፋል፤ ይህም የጨዋታው ክፍል «ወረራ» ይባላል። አንዱ የባላጋራውን አሰላለፍ አይቶ የራሱን ይለውጣል፤ ያም መልሶ ይለውጣል። ተራ የሚያዘው ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው። ድሉም ቢሆን ደረጃ ነበረው፤ በደር ወይም በፈረስ ንጉሥ መያዝ እንደ ተራ ነገር ሲቆጠር፣ በአነስተኞቹ ሠራዊት መያዝ የሚያስመሰግን ጥበብ ነበር።

ይህን ሁሉ ልናውቅ የቻልነው ጥቂት ሰዎች ስለ ጻፉት ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1809 እና በ1810 ባደረገው ጉዞ በትግራዩ ገዥ በራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይቶ በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ ጠቅሶታል። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደንም ጨዋታውን ዘርዝሮ የገለጸበት መጽሐፍ ከሞተ በኋላ በ1868 ታተመ። የቼዝ ታሪክ ጸሐፊው ሃሮልድ መሪ በ1913 እነዚህን ምንጮች አሰባሰበ፤ ፓንክኸርስትም በ1971 በዚሁ በሰንጠረዥ ላይ ሌላ ጥናት አወጡ። በዚህ መካከል ጨዋታው ራሱ ከአደባባይ ጠፋ፤ የአውሮፓው ቼዝ በ20ኛው መቶ ዓመት ቦታውን ወሰደው። ዛሬ ሰንጠረዥን እንደ ገና ልሥራ የሚል ሰው መነሻ የሚሆነው በእንግዶች እጅ የተጻፈው ጥቂት ገጽ ነው። ያ ባይኖር ኖሮ ወረራን ከሌላው የቼዝ ዓይነት ተነሥቶ ማንም ሊገምተው ባልቻለም ነበር። እንዲያውም ተራ ሳይጠብቁ መንቀሳቀስ ለማያውቀው ሰው ሥርዓት የለሽነት ስለሚመስል፣ የሚያድሰው ሰው «ላስተካክለው» ብሎ በቀላሉ ሊሰርዘው ይችላል።

የጉም ጉዳይ

ከዚህ ላይ ወደ ቪዲዮ ጨዋታዎች መመለስ ያስፈልጋል፤ ይኸው አደጋ በእነርሱም ላይ ደርሷልና። የጃፓኑ ኮናሚ ኩባንያ በ1999 «ሳይለንት ሂል» የተባለ አስፈሪ ጨዋታ አወጣ። ከተማዋ በጉም የተሸፈነች ናት። የጉሙ አንዱ ምክንያት የመሣሪያው ድካም ነበር፤ በዘመኑ የነበረው ፕሌይስቴሽን ሩቁን አካባቢ አንድ ላይ ለመሣል አቅም ስላልነበረው፣ ሠሪዎቹ ጉድለቱን በጉም ሸፈኑት። ውጤቱ ግን ከታሰበው በላይ ሆነ። ክረምት ከጮቄ የሚወርደው ጉም ሲዘጋው በሚያውቀው መንገድ ላይ የሚደናገር ተጓዥ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ የማይታየው ነገር ከሚታየው ይልቅ ያስፈራል። በ2001 በወጣው ሁለተኛው ክፍልም ጉሙ የታሪኩ ነፍስ ሆኖ ቀጠለ።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ክፍል በ2012 ታድሰው በአንድነት ሲወጡ፣ የሥዕሉ ጥራት ሲጨምር ጉሙ ሳሳ። ቀድሞ ተሸፍኖ የነበረው የመሬቱ መጨረሻ ገሃድ ወጣ፤ ፍርሃቱም ከጉሙ ጋር ሄደ። ከዚህም ሌላ እድሳቱን ያከናወኑት ሰዎች ለገበያ የበቃውን የመጨረሻውን የፕሮግራም ጽሑፍ ሊያገኙት አልቻሉም፤ ኩባንያው አላቆየውም ነበር። ስለዚህ ባልተጠናቀቀ ረቂቅ ላይ ለመሥራት ተገደዱ፤ ቀድሞ የታረሙትን ስሕተቶች ሁሉ እንደ አዲስ ማረም ግድ ሆነባቸው። በአንጻሩ አንድ የፖላንድ ድርጅት በ2024 ይህንኑ ሁለተኛ ክፍል ከመሠረቱ እንደ ገና ሲሠራው፣ አዲሱ መሣሪያ ጉም የማያስፈልገው ሆኖ ሳለ፣ ጉሙን በጥንቃቄ መለሰው፤ ሥራውም ተመሰገነ። ከዚህ እንደምንረዳው የታማኝነት መለኪያው የመንገዱ ስም አይደለም። ጉድለት የሚመስለው ነገር የጨዋታው ነፍስ ሊሆን እንደሚችል የገባው ሰው ከመሠረቱ ቢሠራም ጠብቆ ያቆየዋል፤ ያልገባው ግን አድሳለሁ ብሎ ያጠፋዋል።

ሌላው ምሳሌ በኅዳር ወር 2021 ታድሰው የወጡት ሦስቱ የ«ግራንድ ቴፍት ኦቶ» ጨዋታዎች ናቸው። ሥዕሎቹ በብዛት በኮምፒዩተር ረዳትነት እንዲጠሩ ተደርጎ ነበር። በአንድ የዶናት መሸጫ ምልክት ላይ፣ «ዶናት» ከሚለው ቃል መጨረሻና በእንግሊዝኛ «ናት» ከሚባለው የብሎን ዳዶ ጋር ለመቀለድ፣ ባለ ስድስት ማዕዘን ዳዶ ተሥሎ ነበር። እድሳቱ ማዕዘኑን እንደ ጉድፍ ቆጥሮ አለሰለሰውና ዳዶው ተራ ክብ ሆኖ ቀረ። በቅኔ አገር ላለን ሰዎች ነገሩ ግልጽ ነው፤ ሰሙ ተወልውሎ ወርቁ ተጣለ። ግእዝ የማያውቅ ጸሐፊ የእጁ ጽሕፈት ቢያምርም የሚገለብጠውን መጽሐፍ እንደሚያበላሸው ማለት ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ ኩባንያው ይቅርታ ለመጠየቅና ከገበያ ያነሣቸውን የድሮ ቅጂዎች ለኮምፒዩተር ተጫዋቾች ለመመለስ ተገደደ።

የጥፋቱንም ስፋት የሚያመለክት ቁጥር አለ። የቪዲዮ ጨዋታ ታሪክ ፋውንዴሽን የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ2023 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡት ጨዋታዎች ውስጥ 87 ከመቶ የሚሆኑት በገበያ የማይገኙ ሆነዋል። ታድሶ የሚወጣው ትርፍ ያመጣል ተብሎ የታመነበት ብቻ ስለሆነ ሌላው በዝምታ ይጠፋል። በጽሑፍ፣ በፋብሪካና በሕግ የተደገፈ ጨዋታ በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ እንዲህ ከሆነ፣ በቃል ብቻ የሚኖረው የእኛ ጨዋታ ምን ያህል እንደሚያሠጋ መገመት አያዳግትም።

ገበጣ በስልክ

በአገራችን የቪዲዮ ጨዋታ በአብዛኛው የታወቀው በየከተማው በተከፈቱት የፕሌይስቴሽን ቤቶች ሲሆን፣ ወጣቶች ገንዘብ ከፍለው በተለይ የእግር ኳስ ጨዋታ ይጫወቱባቸዋል። አገር ውስጥ የመሥራቱ ሙከራ ቆየት ብሎ የመጣ ነው። በአዲስ አበባ የተቋቋመው፣ ስሙም ለጎጃም ሰው ጆሮ እንግዳ ያልሆነው «ቅኔ ጌምስ» በ2018 «ኩኩሉ» የተባለውን፣ ዶሮ ከአሳዳጇ የምታመልጥበትን የስልክ ጨዋታ አወጣ። ከዚያም ገበጣን ራሱን በስልክ አቅርቧል። ይህ ሊመሰገን የሚገባው ሥራ ነው። ከአገሩ ርቆ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ልጅ ገበጣን ሊያይ የሚችለው በዚህ መንገድ ሊሆን ይችላል፤ ጨዋታም የሚድነው የሚጫወተው ሲገኝ ነው።

ነገር ግን ገበጣ ወደ ስልክ ሲገባ የሚለወጠውን ነገር ማስተዋል ይገባል። ሁለት ልጆች መሬት ቆፍረው ሲቀመጡ መጀመሪያ የሚያደርጉት በደንቡ መስማማት ነው። አንዱ ከሌላ ቀበሌ የመጣ ከሆነ «በእኛ አገር እንዲህ ነው» ይላል፤ ይከራከራሉ፣ ከዳር ቆሞ የሚያየውም ይዳኛል። ደንቡ የተጫዋቾቹ ንብረት ነው። በስልክ ግን ደንቡን የሚወስነው ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ነው፤ ተጫዋቹ ሊከራከረው አይችልም። ጠጠሩን የሚያድለውና የሚቆጥረውም ስልኩ ነው፤ ልጁ በጣቱና በአእምሮው ይሠራው የነበረው የሒሳብ ልምምድ ይቀንሳል።

ገበጣ ሲለዋወጥ የኖረ ጨዋታ ስለሆነ አንድ ለውጥ ቢጨመር ምን ክፋት አለው የሚል ይኖራል። አነጋገሩ እውነትነት አለው። ሆኖም የጥንቱ ለውጥ ደንቡን የሚያበዛ ነበር፤ እያንዳንዱ መንደር የራሱን ይጨምር ነበርና። የስልኩ ለውጥ ግን ከብዙዎቹ አንዱን መርጦ በሺህ ለሚቆጠሩ ልጆች በአንድ ጊዜ ያስተምራል። ከአንድ ትውልድ በኋላ «ገበጣ» ማለት በስልኩ ያለው ብቻ ይሆናል፤ የማቻከል ልጅ የአያቱን ደንብ ሲሰማ የተሳሳተ ይመስለዋል። ሰንጠረዥ ወረራውን ያጣው በዚሁ ዓይነት ነበር፤ ክፉ አሳቢ ሳይነሣበት፣ ሌላ የተዘጋጀ ደንብ በየቦታው ስለ ተገኘ ብቻ።

ከእኛ የሚጠበቀው

መፍትሔው ስልኩን መቃወም እንዳልሆነ ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ ያስረዳል። ችግሩ የሚመጣው ዋናው ሳይመዘገብ እድሳቱ ሲቀድም ነው። ለዚህም ተግባር ከመምህር የተሻለ ቦታ ላይ የሚገኝ ሰው የለም። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በአማኑኤል ከተማ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ከየገጠሩ ቀበሌ የመጡ ልጆች በአንድ ክፍል ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ልጅ ከአባቱ፣ ከአያቱ ወይም ከእረኛ ጓደኞቹ የተማረው ደንብ አለው። ፓንክኸርስት ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር እየፈለጉ የሰበሰቡትን የመሰለ ዕውቀት እኛ ከፊታችን ተደርድሮ እናገኘዋለን።

ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ለእያንዳንዱ ደንብ አንድ ገጽ ይበቃል። ረድፉና ጉድጓዱ ስንት ነው? በየጉድጓዱ ስንት ጠጠር ይገባል? ማን ይጀምራል? በየትኛው አቅጣጫ ይታደላል? የመጨረሻው ጠጠር ባዶ ጉድጓድ ላይ ሲያርፍ ምን ይሆናል፣ ባዶ ባልሆነው ላይ ሲያርፍስ? ምርኮ እንዴት ይያዛል? አሸናፊው በምን ይታወቃል? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሲጻፍ፣ ተጫዋቾቹ ለየድርጊቱ የሚሰጡት ስም በራሳቸው አነጋገር እንዳለ መቀመጥ አለበት፤ የተነገረበት ቀበሌና ዓመተ ምሕረትም አብሮ ይጻፍ። ለማያውቀው ሰው ትርጉም የሌለው የሚመስል ልማድ ቢያጋጥም፣ መዝጋቢው ከመዝለል ይልቅ በተለይ ሊያሰፍረው ይገባል፤ ጉሙና ወረራው እንዲህ ያሉ ነበሩና። ከዚህ በኋላ ገጾቹ ተሰብስበው በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት አንድ ቅጂ፣ በማኅበራችን መዝገብ ሌላ ቅጂ ቢቀመጥ፣ ለደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ቢደርስ፣ ነገ ገበጣን በኮምፒዩተር ለመሥራት የሚነሣ ወጣት ከአንድ ደንብ ይልቅ ብዙ ደንብ ያገኛል። ተጫዋቹ የአያቱን ቀበሌ ደንብ መርጦ እንዲጫወት ማድረግ ለፕሮግራም ጸሐፊ ከባድ ሥራ አይደለም፤ የሚቸግረው ያልተጻፈውን ማወቅ ነው።

ኮናሚ የሁለት ጨዋታዎችን የመጨረሻ ጽሑፍ ሳያስቀምጥ የቀረው ሥራው ካለቀ በኋላ የሚፈልገው ይኖራል ብሎ ስላላሰበ ሊሆን ይችላል። እኛ ግን የሚፈልገው እንዳለ አስቀድመን አውቀናል። ደንቡን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ዛሬም ከእኛ ጋር ናቸው፤ በመጪው የትምህርት ዘመን እያንዳንዱ አባል ከክፍሉ ቢያንስ አንድ ገጽ ይዞ ቢመጣ ማኅበራችን ሌላው ሊተካው የማይችለውን ሥራ ሠርቷል ማለት ነው።